ቤታችንን ስንሸጥ ዴኩን አላፈረስነውም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረንን ቤት ገበያ ላይ ልናወጣ ስንነሳ ከኩሽናውም ከመታጠቢያ ቤቱም በላይ ያከራከረን ከኋላ ያለው ዴክ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር የተያያዘው የእንጨት መድረክ ነበር። ባለቤቴ «ይህን ያረጀ እንጨት አይቶ ማን ይገዛናል? አፍርሰን በኮምፖዚት እንሥራው» አለች፤ ኮምፖዚት የምትለው ከእንጨት ብናኝና ከፕላስቲክ የተሠራ ሳንቃ ነው። ወንድሟም ደገፋት፤ ኮንትራክተር ስለሆነ ሥራውን የሚይዘው እሱ መሆኑን ልብ ይሏል። እኔ በበኩሌ ልሸጠው በተነሳሁት ቤት ላይ አዲስ ነገር መሥራት ለሰው ሰርግ ድግስ መደገስ ሆኖ ነው የታየኝ። ነገሩ በመጨረሻ ከሦስታችንም ሐሳብ ትንሽ ትንሽ ወስዶ አለቀ። ቤት ለመሸጥ የምታስቡ ብዙ ስለሆናችሁ እንዴት እንደሄድንበት ልጻፈው።

ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው። ከፊት ሲታይ ባለ አንድ ፎቅ ይመስላል፤ ከኋላ ግን ቤዝመንቱ ወደ ግቢ ይወጣል፣ የኩሽናው ተንሸራታች በር ደግሞ ከመሬት ዘጠኝ ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ወደ ዴኩ ይከፈታል። ዴኩን ያሠሩት ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 2002። እኛ ስንገባ ሁለተኛ ኩሽና አደረግነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት የሚቁላላው እዚያ በጋዝ ምድጃ ነው፤ ቤት ውስጥ ከተቁላላ ሽታው ከመጋረጃና ከካፖርት ላይ ቶሎ አይለቅም። ቡናም የሚፈላው እዚያ ነው፤ ከሰል ይዘን ወደ ውስጥ ከገባን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤት ይቀሰቅሳል። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በርበሬ የምታሰጣበትም ያው ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ወለሉ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። የምድጃው እግር ያረፈበት ዝገት አለ፣ ዘይት የጠጣ ሳንቃ አለ፣ ፍም እየወደቀ የጠቆሩ ትንንሽ ክቦች ደግሞ በረከቦቱ ቦታ ዙሪያ ተበትነዋል።

ቤቱን የምታሻሽጥልን ሪልተር ሐበሻ ናት። ወደ ዴኩ ወጥታ ክቦቹን ስታይ ሳቀች፤ «የቡና ናቸው አይደል? የማሳየው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ገዢው በሞርጌጅ፣ ማለትም በባንክ የቤት ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ አፕሬዘር የሚባል የቤት ዋጋ ገማች ይልካል። አፕሬዘሩ ቤቱን የሚገምተው በአቅራቢያው በቅርቡ ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር እያስተያየ ነው፤ ዋናው መለኪያው የመኖሪያው ስፋት ሲሆን ዴክ በዚያ ስፋት ውስጥ አይቆጠርም። ባንኮች ያኔ ይጠቀሙበት በነበረው ፎርም ላይ በረንዳ፣ ፓቲዮና ዴክ ሁሉም ተጠቃለው የነበሩት አንዲት ረድፍ ላይ ነው። «እዚያች ረድፍ ላይ ጥቂት ሺህ ቢጨምርላችሁ ነው። እናንተ ግን ሃያ ስድስት ሺህ ልታወጡ ነው» አለች። ሃያ ስድስት ሺህ ወንድምየው ያቀረበልን ዋጋ ነው፣ ያውም የዘመድ።

ማታ ባለቤቴ ራሷ ቁጥር ስትፈልግ አመሸች። ሪሞዴሊንግ የተባለው የግንባታ ሙያ መጽሔት የትኛው እድሳት ቤቱ ሲሸጥ ስንት እንደሚመልስ በየዓመቱ ያወጣ ነበር። በ2024ቱ መሠረት በአገር አቀፍ አማካይ አዲስ የእንጨት ዴክ ወደ 17,600 ዶላር አስወጥቶ ከመቶ 83 ያህሉን ይመልሳል። ኮምፖዚቱ ወደ 24,200 ያስወጣና የሚመልሰው 68 ያህሉን ነው። ከሁሉ ያስገረመን የበለጠ የሚያስወጣው ከወጪው ያነሰ ድርሻ መመለሱ ነበር፤ ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ኮምፖዚት ጥሩ ዕቃ መሆኑን አልክድም። ስሙ የገነነው ትሬክስ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ፣ ዊንቸስተር ነው፤ ከእንጨት ብናኝና ከአሮጌ ፌስታል የሚሠራ ሳንቃ ነው፣ አይበሰብስም፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቀለም አይጠይቅም። ትርፉ ግን ዓመት እየቆጠረ የሚመጣ ነው፤ የሚያገኘውም የሚኖርበት ሰው ነው። በወር በሁለት ወር ቁልፍ የሚያስረክብ ሻጭ ከዚያ ውስጥ የሚደርሰው መልኩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሪልተሯ ባለችው ተስማማን፤ ይታጠብ፣ ይጠገን፣ ይቀባ። ግን ከመታጠቡ በፊት በራሳችን ወጪ ኢንስፔክተር፣ ማለትም የቤት ጉድለት መርማሪ አስጠራሁ። ይህን ስታደርጉ አንድ ነገር እወቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ ስለ ቤቱ ዝርዝር መግለጫ መስጠት ወይም «እንዳለ ነው የምሸጠው» ብሎ መፈረም ይችላል። «እንዳለ» ብሎ ቢፈርምም እንኳ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ፣ በዓይን የማይታይ ጉድለት መኖሩን ካወቀ መናገር ግዴታው ነው። ኢንስፔክተር ካስጠራችሁ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይሠራም። እኔ ግን ገዢ ውል ፈርሞ ደርዘን ጥያቄ ይዞ ከሚመጣብኝ አስቀድሜ ባውቀው መረጥሁ።

ኢንስፔክተሩ ላይ ላዩን እምብዛም አላየውም፤ ቀጥታ ታች ወርዶ ባትሪ አበራ። መጀመሪያ ያየው ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘውን ዋና ጣውላ ነው፣ ሌጀር ይሉታል። በሚስማር ብቻ ነበር የተመታው። ዴክ ሲደረመስ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ከዚህ ነው። ሚስማር ጭነቱ ወደ ውጭ ሲስበው ቀስ በቀስ ይነቀላል፤ እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ከቤቱ ወለል እንጨት ድረስ ዘልቆ የሚገባ ወፍራም ቡሎን ነው። እኛ ደግሞ እዚያ ላይ ለልጃችን ክርስትና አርባ ሰው አቁመን አብልተናል! ቀጥሎ ወደ ጥግ ምሰሶው ሄደና ብሎን መፍቻውን ከሥሩ ገፋው፤ ሳይታገል እስከ እጀታው ገባ። ከጣሪያ የሚወርደው የአሸንዳ ውሃ ለዓመታት የሚፈሰው ልክ እዚያ ምሰሶ እግር ላይ ነበር። በመጨረሻ ላይ ወጥቶ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፣ ቁመቱን ለካው። ዴኩ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ መደገፊያው ቢያንስ 36 ኢንች መቆም አለበት፤ በዘንጎቹ መካከል ደግሞ አራት ኢንች ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም፣ የሕፃን ጭንቅላት እንዳይገባ ነው። ቁመቱም ክፍተቱም ልክ ነበር፤ ግን ይነቃነቃል።

ከዚህ በኋላ የወንድምየው ሙያ አስፈለገን፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ጎበዝ ነው። ምሰሶና ሌጀር የሚነካ ስለሆነ ከካውንቲው፣ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ አወጣ። ሌጀሩን በቡሎን አሰረው፣ ውሃ ከግድግዳው ጋር እንዳይገባ ከላዩ መከለያ ቆርቆሮ አስገባ። ቡሎኑን ሲገዛ አብሬው ነበርኩና ርካሹን ሳነሳ እጄን ያዘኝ። ከ2004 ወዲህ ለቤት የሚሸጠው የታከመ እንጨት፣ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣው ማለት ነው፣ ባብዛኛው መድኃኒቱ መዳብ የበዛበት ነው፤ ተራውን ብረት ይበላል። ስለዚህ ቡሎኑም ማያያዣውም በደንብ ዚንክ የተነከረ ጋልቫናይዝድ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፤ የአልሙኒየም መከለያ ደግሞ እንጨቱን በቀጥታ እንዲነካ አይደረግም። የበሰበሰውን ምሰሶ ቀይሮ እግሩን ከኮንክሪቱ ከፍ በሚያደርግ ብረት ላይ አቆመው፣ የአሸንዳውን ቱቦ ወደ ግቢው አርቆ አዞረው። መሠረቱ ግን ደህና ነበር፤ በሞንጎመሪ ካውንቲ ብርድ መሬቱን ሲያነሳው ምሰሶው አብሮ እንዳይነሳ 30 ኢንች መውረድ አለበት፣ የቀድሞዎቹ ሰዎች እዚህ ላይ አላጭበረበሩም።

ስለ አሮጌው ሳንቃ ለብቻው ማንሳት አለብኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 መጨረሻ በፊት ለቤት ይሸጥ የነበረው የታከመ እንጨት ባብዛኛው መድኃኒቱ አርሴኒክ አለበት። የእኛ በ2002 የተሠራ ነውና እንዳለበት ቆጥረን ሠራን። እንዲህ ዓይነቱ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፣ ብናኙ መርዝ ነው፤ ፈጽሞም አይቃጠልም፣ ጭሱም አመዱም ያው ነው። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና ይዘን አጠብነው እንጂ ኃይለኛ የውሃ ግፊት አላስነካነውም። ፍም ያጠቆራቸውን ሳንቃዎች ወንድምየው ብሎናቸውን ፈትቶ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገለበጣቸው፤ ከታች ምንም ያልሆኑ ነበሩ። እኔ ለሁለት ሺህ ዶላር እንጨት ተዘጋጅቼ ነበር፣ በግልበጣ ተረፈልኝ። የተበላሹትን ጥቂት ሳንቃዎችና ያንን ምሰሶ ግቢ ስንከምር አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወዳጅ አየና «አትጣለው እንጂ! ለደመራ አስቀምጥልን» አለኝ። አርሴኒክ አለበት ብዬ ስነግረው የሰሰትኩ መስሎት ነበር። ጭነን ሼዲ ግሮቭ ካለው የካውንቲው ቆሻሻ ማስረከቢያ ወስደን አስረከብነው።

የቀለሙ ነገር በጊዜ ምርጫ ነው የሚሳካው። ሁሉም ሰው ቤት የሚያወጣው በጸደይ ነውና ዴኩንም የሚቀባው ያኔ ነው፤ እዚህ አካባቢ ግን አፕሪል ማለት የዛፍ ብናኝ ወርዶ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያደርግበት ወር ነው። ያልደረቀ ቀለም ላይ ያ ብናኝ ካረፈ አሸዋ የነሰነሱበት ይመስላል። እኛ የቀባነው በ2024 ኦክቶበር፣ ዝናብ ጠፍቶ እንጨቱ አጥንቱ ድረስ ደርቆ ሳለ ነው። ሌሊቱ ከ50 ፋራናይት በታች መውረድ ከመጀመሩ በፊት መድረቅ ነበረበት፤ ደረሰልን። ቀለሙን ሪልተሯ መረጠች፤ የእንጨቱን መስመር የሚያሳይ ቡናማ። ባለቤቴ ቀያዩን ፈልጋ ነበር፣ አልሆነላትም።

ቤቱ ገበያ ላይ የወጣው በ2025 ማርች መጨረሻ ነው። ሁዳዴ ስለነበረ ከዶሮ ወጥ ሽታ ተገላገልን፤ በጋ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምናደርግ እንጃ። የጋዝ ምድጃውን፣ ጀሪካኑን፣ የተሰበሩትን ፕላስቲክ ወንበሮች ጋራዥ አስገባን። ሪልተሯ ሁለት ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛና አንድ የጤና አዳም ማሰሮ ብቻ አስቀመጠች፤ ጤና አዳሙ የእናቴ ነው፣ ብርድ ሳይነካው ቤት ውስጥ ያሳደርነው። ፎቶው ከበሩ ወደ ውጭ እንዲነሳ አደረገች፣ ዛፎቹ እንዲታዩ። ዴክ የሚሸጠው እንዲህ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ አይቶ «ይህን ሄደን እንየው» እንዲል።

በኦፕን ሃውሱ ቀን፣ ቤቱ ለተመልካች ክፍት በሆነበት ዕለት፣ እኛ ቤት አልነበርንም፣ ሪልተሯ ናት የነገረችን። ሰው ገብቶ ሳሎኑን በጨረፍታ አይቶ ቀጥታ ወደ ኋላው በር ነው የሚሄደው። ከልጃቸው ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ ዴኩ መሃል ቆመው ሁለቴ ተረከዛቸውን መቱ፣ መደገፊያውን ወዘወዙ፣ ከዚያ ወርደው ከሥር ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አዩ። ቤቱን የገዛው የእሳቸው ልጅ ነው። የእሱ ኢንስፔክተር ብዙ ነገር ጻፈብን፣ የውሃ ማሞቂያው አርጅቷል ብሎ ገንዘብ አስቀነሰን። ዴኩ ላይ ግን የጻፈው የለም፤ የካውንቲው ፈቃድና የፍተሻ ማለፊያ ወረቀቱ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር አስቀድሞ ተልኮለት ነበር።

ዋጋ ጨመረ ወይ? በዚያው ሰሞን ሁለት መንገድ ወዲያ አዲስ ኮምፖዚት ዴክ ያለው ቤት ተሽጦ ነበር፤ ከእኛ እምብዛም አልበለጠም። ኩሽናው ግን ከእኛ ያረጀ ነበርና እሱን ይዤ ልፎክር አልችልም። እኔ የማምነው ዴኩ ሰው አምጥቶልናል፣ የተጠገነው የታችኛው ክፍል ደግሞ የመጣው ሰው በድርድር እንዳይቀንሰን አድርጓል የሚለውን ነው። ለሁሉም ያወጣነው የወንድምየውን ድካም ጨምሮ አራት ሺህ ዶላር አልሞላም። ሃያ ስድስት ሺህ አውጥተን ቢሆን ያንን ልዩነት ከገዢው ላይ የምናገኝበት መንገድ አልታየኝም።

አሁን ግን እዚያ ማዶ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «እኔም አልሠራም ማለት ነው» ሲለኝ አይሆንም አልኩት። የእሱ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ነው፣ ገና ሲገዛ ዴክ አልነበረውም፤ የሁለተኛ ፎቁ የመስታወት በር ውጭው በብረት ታጥሮ ወደ ባዶ አየር ነው የሚከፈተው። እንዲህ ያለ በር ያየ ገዢ ሁሉ በልቡ ዴክ ሠርቶ ወጪውን ከዋጋው ይቀንሳል፣ ያውም አጋንኖ። እዚያ ላይ በታከመ እንጨት ቀለል ያለ ዴክ መሥራት ያዋጣል፤ መጀመሪያ ግን የኤችኦኤውን፣ የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ነው፣ ምክንያቱም ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ማኅበሩ የሚያወጣው ሰነድ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ካለ ሊዘረዝረው ይችላል። እሺ ብሎ ማመልከቻውን አስገብቷል። ሚስቱ ግን ኮምፖዚት ካልሆነ አልፈርምም ብላለች፤ የባለቤቴ ወንድም ስልክ ቁጥርም ተሰጥቷታል፣ ማን እንደሰጣት መገመት አያቅትም።