የሩፋኤል ዝናብ

ጳጉሜ 3፣ ቢሾፍቱ። ባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ ያለውን የአባዬን ቤት ልንዘጋ ዕቃ እየጫንን ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ልጆቹ "አንሄድም" ብለው ያለቅሳሉ።

ዝናቡ ድንገት መጣ። ፍራሹን ለማስገባት ስሮጥ እማዬ ነጠላዋን ጥላ ግቢው መሃል ቆማለች፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ። "ሩፋኤል ነው! ልጆቹን አውጪያቸው!"

ወጡ። ጭቃው ላይ ጨፈሩ። ያ ሁሉ ሐይቅ በዝናቡ ተሸፍኖ ከዓይናችን ጠፋ። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ፤ ከስንት ዓመቴ ጀምሮ እንደተውኩት እንጃ።

እማዬ ግን አሸንዳው ሥር ድስት ደቅና ነበር። ሲያባራ ውኃውን በነጠላዋ ጫፍ አጥልላ ወደ ባዶ ሃይላንድ ገለበጠችው፤ ቀስ ብላ፣ ጠብታ ሳታፈስ። ክዳኑን አጥብቃ ሰጠችኝ። "ይቺ የእኅትሽ ናት። ወደ ዳላስ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ትላኪላታለሽ።"

የሄድነው ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ለመነጋገርም ነበር። ማናችንም አላነሳነውም። መንገዱ ዳርና ዳር አደይ መፈንዳት ጀምሯል፣ ልጆቹ እርጥብ ፀጉራቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ተኝተዋል፣ እኔ ሃይላንዱን እስከ አዲስ አበባ በሁለት እጄ ይዤው መጣሁ።

ወደ ዳላስ የሚሄድ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።