ጨው ነው!

የምሰራው አራት ኪሎ አካባቢ ያለች ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ የማን እንደሆነች ይቅር። ዋናው ንብረታችን ፒያሳ አንድ ማስታወቂያ ቤት ያሰራነው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ፣ ውስጡ አሸዋ። እሱ ውስጥ በረሃ እንሰራለን፣ እናቴ እስካሁን አልገባትም።

ደረቅ አገር የከርሰ ምድር ውሃው ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው። ግን አንዳንድ ቦታ ዝናብ ሲገኝ ጎርፉ ዝቅ ያለ ቦታ ተጠራቅሞ ይሰርግና ቀለል ስለሚል ጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፣ ኩዌት ራውዳታይን የሚባለው ቦታ እንደዛ ነው፣ ካራኩም በረሃም ታኪር የሚሉት የሸክላ ሜዳ ላይ የወረደው ዝናብ ዳር ወዳለው አሸዋ ሲገባ እንደዚሁ ይሆናል። ጣጣው ጉድጓድ ቆፍረህ መሳብ ስትጀምር ነው። የታችኛው ውሃ የባህር ያህል ጨዋማ ከሆነ፣ ማለትም ጥግግቱ የንጹህ ውሃ 1.025 እጥፍ ገደማ ከሆነ፣ የላይኛውን 1 ሜትር ዝቅ ስታደርገው ጨዋማው ውሎ አድሮ እስከ 40 ሜትር ሊነሳብህ ይችላል። ጨውነቱ ካነሰማ ይሻላል ትላለህ አይደል? በዚህ በኩል እንኳን ይብሳል፣ 1.010 ሲሆን 1 ለ 100 ነው የሚመጣው፣ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ።

እና ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ እንግዶች መጥተው ይህን በአይናቸው ሊያዩ ነው። ጨዋማውን ውሃ ሁሌ በቀይ የምግብ ቀለም ነበር የምናቀልመው፣ ዋዜማው ማታ ላይ ሳየው አልቋል። ቁምሳጥን ውስጥ ሜትሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ አገኘሁ። አሸዋውም የድሮው ታጥቦ የተነጠረው ነጩ አሸዋ አይደለም፣ ካዛንቺስ ከሚሰራ ህንጻ በማዳበሪያ ያመጣነው ነው፣ ሁለቴ ለቅለቅ አድርጌው በቃ።

ጋሼ፣ ቴክኒሻናችን ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ 2 አመት የቀራቸው፣ ጠርሙሱን አዩና "ስማ ልጄ፣ ይሄ ቀለም አሸዋው ላይ አይዝም?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ ቀለም ቀለም ነው።"

ጠዋት በሊትር 35 ግራም ጨው በጥብጬ ከስር ቀስ እያልኩ ማስገባት ጀመርኩ። ሰማያዊው መስመር ግን አይነሳም። እስኪ ትንሽ ልጨምር፣ እስኪ ትንሽ፣ ግማሽ ሰአት ሙሉ። መጨረሻ ላይ 10 ሳንቲ አካባቢ ቁጭ አለ፣ ከላዩ ጥርት ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። እዚህ ጋ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ውሃዎች ሲገናኙ ሁሌም ትንሽ ይደበዝዛል። እኔ ግን ፎቶ አነሳሁት።

እንግዶቹ መጡ፣ ሳጥኑ ውስጥ ካለችው ትንሽ ጉድጓድ የሚስበውን ፓምፕ ለቀቅኩ፣ ቢከሩ (የላቦራቶሪ ብርጭቆው) ውስጥ ኩልል ያለ ውሃ መውረድ ጀመረ። አለቃችን "እስኪ አብራራላቸው" ሲለኝ እኔም ደረቴን ነፍቼ "አያችሁ፣ ቀስ ተብሎ ከተሳበ ጨዋማው አይነሳም" አልኩ። ጋሼ ጣታቸውን ቢከሩ ውስጥ ነከር አድርገው ቀመሱ። ላቦራቶሪ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመስም የሚለውን ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው እኮ!

"ጨው ነው" አሉ።

አለቃችን ጉሮሮውን ጠረገ። ከዋዜማው ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ የተኛውን ኢሲ ሜትር፣ ውሃው ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ጨውነቱን የሚለካውን፣ አውጥቼ ስነክረው 11 ሚሊሲመንስ፣ የቧንቧችን ውሃ 0.2 እንኳን የማይሞላ። ለካ ጨዋማው ውሃ ጉድጓዷ አፍ ከደረሰ ቆይቷል፣ ታች የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ሜትሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ሸክላ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው፣ ያገኘው ጭቃ ላይ ሙጥኝ ይላል፣ ጨው ምን አስጨንቆት ዝም ብሎ ያልፋል። የሚያናድደው ደግሞ የኮንስትራክሽን ማቴሪያል ላቦች አሸዋ ውስጥ ሸክላ መኖሩን የሚፈትሹበት አንዱ መንገድ ይሄው ሜትሊን ብሉ ነው። ሳላውቀው አሸዋዬን ስፈትሽ ነው የዋልኩት፣ ወድቋልም።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ከእንግዶቹ አንዱ፣ ቆላ ብዙ የሰራ ሰውዬ፣ "ተወው ባክህ፣ እኛም ጋ እኮ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው፣ መጀመሪያ የሚነግሩን ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፣ ሽሮው ጨው በዛበት ብለው" አለ። ከዛ በኋላ ቀለሙን ማንም አላየውም፣ ቀኑን ሙሉ ሜትሩን እየነከርን ቁጥር ስንጽፍ ዋልን፣ ፓምፑን ካጠፋነው በኋላም ጨውነቱ ቶሎ አልወረደም።

አሁን አሸዋ የማጥበው እኔ ነኝ፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪጠራ። ጋሼ ደግሞ ቡና ሲቀርብ እኔ ካለሁ ስኳሩን ወደ ጎን ገፋ አድርገው "ለኔ በጨው አድርጊልኝ፣ ይሄ ልጅ ጋ አይጠፋም" ይላሉ።