አክታና ምራቅ

ዶክተሩ ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ሳንባው እንዲህ ተቦርቡሮ አንተ ቲቢ የለም፣ ነጌቲቭ ነው ትለኛለህ?» ላብራቶሪ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

እውነቱን ነበር። የቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ላይ ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ግን «ማሽኑ ያለውን ነው የጻፍኩት» አልኩት። ዶክተሩ «በቃ፣ በራጁ ብቻ ዛሬውኑ መድኃኒት አስጀምራቸዋለሁ» ብሎ ሊወጣ ሲል የተረፈውን ናሙና አነሳሁ። ውሃ የመሰለ፣ ከላዩ አረፋ የያዘ። ምራቅ ነው። ጠዋት ወረፋው ሲበዛ አይቼ እንዳላየሁ አልፌው ነበር። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማይክሮስኮፕ በ1 ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሺህ ባክቴሪያ ከሌለ አያገኝም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽናችን በ150 ገደማም ያገኛል። ምራቅ ከሰጠነው ግን እሱስ ምን ያድርግ?

«ዶክተር፣ አንድ ሌሊት ብቻ ስጠኝ» አልኩት። ደስ ሳይለው ተስማማ።

ታካሚው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ከሕንፃው ጀርባ፣ ነፋስ ወዳለበት ወሰድኳቸው። አፋቸውን በውሃ እንዲጉመጠሙ፣ በረጅሙ ተንፍሰው ከደረታቸው እንዲስሉ ራሴ እየሠራሁ አሳየኋቸው። የጠዋቱ አክታ እንደሚሻልም ነገርኳቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው፣ «ልጄ፣ በሰው ፊት አክታ መትፋት ነውር መስሎኝ ነው እኮ። ያኔውኑ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ» አሉኝ።

በማግስቱ ያመጡት ወፍራም፣ ቢጫ፣ ዕቃው ላይ የሚጣበቅ አክታ ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ቲቢ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ይላል።

እጄ ቀዘቀዘ። ዶክተሩ በበሽታው አልተሳሳተም። ነገር ግን ራጅ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ አይናገርም። እኚያ አባት የተለመደውን የስድስት ወር መድኃኒት ጀምረው፣ ሳይሻላቸው ቤተሰባቸው መሃል እየሳሉ ይከርሙ ነበር።

ወረቀቱን ስሰጠው ሁለቴ አነበበው። አንድም ቃል ሳይናገር የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመረ። እኔም ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። ቀጣዩ ታካሚ ዕቃውን ሲያቀብለኝ መጀመሪያ ክዳኑን ከፈትኩ። ምራቅ ነበር። ወረፋው ረጅም ቢሆንም ይዤው ወደ ጀርባ ወጣሁ።