እጅ ከማውጣት ወደ ምስጢራዊ ድምፅ፦ በማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን ምርጫውንና መግቢያውን ያስተካከልንበት መንገድ

በጣቢያችን ጠቅላላ ጉባኤ የቦርድ ምርጫ ይካሄድ የነበረው እጅ በማውጣት ነው። ዓይነ ስውር አባል ስንት እጅ እንደወጣ አያይም። ክንዱን ማንሳት የማይችል አይቆጠርም። መስማት የተሳነው ደግሞ የማን ስም እንደተጠራ ሳያውቅ ጎረቤቱን አይቶ ያወጣል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ለዊልቸር ከሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ (ራምፕ) በፊት የድምፅ አሰጣጡን ቀየርን። የግንባታው ገንዘብ የት ይዋል የሚለውን የሚወስነው ጉባኤው ነውና፣ አካል ጉዳተኛ አባላት በቅድሚያ እዚያ ውሳኔ ላይ እኩል ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል።

መነሻችን ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። አንቀጽ 29 ድምፅ በምስጢር መስጠትንና መራጩ ራሱ በመረጠው ሰው መታገዝን ይደነግጋል። በመተዳደሪያ ደንባችን ይህን በሦስት አጫጭር ሐረጎች አስገባን፦ ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ ነው፤ ዕጩ የሆነ ሰው ረዳት መሆን አይችልም፤ አንድ ሰው ከአንድ መራጭ በላይ አይረዳም። ከዚያ በፊት “የሚረዳው” አስመራጭ ኮሚቴው ነበር፤ ይህ ደግሞ ድምፁን ለቆጣሪው አስቀድሞ መንገር ማለት ነው።

ለዓይነ ስውራን የብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሑፍ) ድምፅ መስጫ ወረቀት እናሳትም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም፤ አለመቀበላችንም ትክክል ነበር። ኮሮጆው ውስጥ ሁለት የብሬል ወረቀት ብቻ ከተገኘ የእነማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ሌላ፣ በጎልማሳነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ብሬል አያነብም። የተሻለው ወረቀቱን ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ፣ በላዩ የሚገባ የሚዳሰስ ማኅደር መሥራት ነው።

ወረቀቱ ኤ5 ነው፤ ዕጩዎቹ ከላይ ወደ ታች በአንድ ረድፍ፣ በ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ በተራ ቁጥር፣ በፎቶና በስም ይደረደራሉ። በቀኝ በኩል 2 በ2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን አለ። ከአምስት ዕጩ በላይ ካለ ኤ4 ይሻላል። ማኅደሩ ከማኒላ ወረቀት ተቆርጦ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ልክ ይቀደዳል። ከቀዳዳው ጎን የኮላ ጠብታ ይደረጋል፤ ለአንደኛው ዕጩ አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት እያለ ይቀጥላል። ከአምስት በላይ ጠብታ በጣት መቁጠር ያስቸግራል፤ ለአምስት አንድ ረጅም መስመር አድርጉ። ነጩ ኮላ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ አይዳሰስም፤ በሙቀት ቀልጦ የሚንጠባጠበውን ተጠቀሙ። የወረቀቱም የማኅደሩም ቀኝ የላይ ጥግ ይቆረጥ፤ መራጩ ወረቀቱ እንዳልተገለበጠ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ማኅደሩን ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት አትቁረጡ። ፕሪንተሩ ገጹን ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊያሳንስ ወይም ሊያንሸራትት ስለሚችል ቀዳዳውና ሳጥኑ አይገጥሙም። የታተመውን ወረቀት ራሱን አስቀምጣችሁ በላዩ ለኩ።

እስክሪብቶ አትስጡ። ቀለሙ ቢያልቅ ዓይነ ስውሩ አያውቅም፤ ድምፁ ባዶ ተብሎ ይጣላል። ሁሉም መራጭ፣ የሚያየውም ጭምር፣ በአውራ ጣት ቀለም ይምረጥ። ወረቀቱ ግን በአግድም ከታጠፈ እርጥቡ ቀለም ሌላ ዕጩ ሳጥን ላይ ያትማል፤ ቆጣሪውም “ሁለት መርጧል” ብሎ ያበላሸዋል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን የሚያርፈው በዚያው ዕጩ ፎቶ ላይ ስለሆነ ችግር የለውም።

ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሁለት ፖስታ ይዘጋጃል። የውስጡ ምንም አይጻፍበትም፤ በውጩ ላይ የአባልነት ቁጥርና ፊርማ ወይም አሻራ ይሰፍራል። ሁለት የአስመራጭ ኮሚቴ አባላት አብረው ሄደው ይሰበስባሉ። በጉባኤው ቀን የውጩ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ወረቀቱ ሳይገለጥ ወጥቶ ኮሮጆው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል። ለብቻው መቁጠር ፍጹም አይገባም፤ ሦስት ድምፅ ለብቻ ሲቆጠር ምስጢር የለም። ይህ ከተሠራ በኋላ በውክልና መምረጥን ሰረዝነው። አካል ጉዳተኛ አባላት ድምፃቸውን ለዘመድ የሚሰጡበት ዋናው ቀዳዳ እሱ ነበር።

ዕጩዎች በአየር ላይ እኩል ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ በዕጣ ተራ ይናገራሉ። መስማት ለተሳናቸው ያው ንግግር በጽሑፍና በምልክት ቋንቋ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላካል። ለጉባኤው ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ከ20 እስከ 30 ባለው ደቂቃ ካልተቀያየሩ ይደክማሉ፣ ትርጉሙም ይጎድላል። መስኮት ከጀርባቸው አይሁን፤ ፊታቸው ይጨልማል። የዕጩዎችን ስምና አጀንዳውን ቀድማችሁ ስጧቸው። ተናጋሪ ሁሉ በማይክ፣ ስሙን አስቀድሞ ይናገር።

ራምፑ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያጸደቀውም አዲሱ ጉባኤ ነው። ልኩ 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ማለት ነው። በሩ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 5.4 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ግቢው ካልበቃ መታጠፊያው ላይ 1.5 በ1.5 ሜትር ሜዳ ይሠራል። ግንበኛ በዓይኑ ሲሠራ ቁልቁለቱን ያበዛል፤ 1.2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ አንድ ጫፉን ራምፑ ላይ አሳርፋችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ በታችኛው ጫፍ ክፍተቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ይፍረስ። ገጹ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻከር፤ ልሙጡ በዝናብ ያንሸራትታል።

ስቱዲዮ ውስጥ ያስቸገረው ድምፅ እንዳይገባ የተሠራው የበሩ ከፍተኛ ደፍ ነው። ደፉን አንስተን በበሩ ግርጌ ጎማ አሠርን። ለዓይነ ስውር አቅራቢ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን ንባብ ፕሮግራም አለ፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም አማርኛ ያነባል። የንባቡ ድምፅ በኮምፒውተሩ ዋና ሳውንድ ካርድ (ድምፅ ማውጫ) ከወጣ ግን አድማጭ ሁሉ ይሰማዋል። ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ጨምሩ፦ ሙዚቃና ማስታወቂያ በአንደኛው ወደ ሚክሰር (ድምፅ ማደባለቂያው)፣ የንባቡ ድምፅ በሁለተኛው ወደ አቅራቢው አንድ ጆሮ። ሚክሰሩ ላይ ከየፌደሩ (የድምፅ መጠን ከሚስተካከልበት ተንሸራታች) ጎን፣ ዜሮ ዴሲቤል ትክክል፣ አንድ የኮላ ጠብታ ይበቃል። ጠብታው ሰሌዳው ላይ እንጂ ፌደሩ ራሱ ላይ አይሁን፤ ከፌደሩ ጋር ከሄደ ልኩ የት እንደሆነ አያሳይም።