የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፦ በለሷን እንዴት እናንብባት?

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ሁለት ስም አለው፤ መርገመ በለስ (ጌታ ኢየሱስ ፍሬ ያላገኘባትን በለስ የረገመበት) እና አንጽሖተ ቤተ መቅደስ (ነጋዴዎችን አስወጥቶ ቤተ መቅደሱን ያነጻበት)። ሁለቱን አብሮ ለማየት ማርቆስ 11ን ከቁጥር 12 እስከ 25 ሳታቋርጡ አንብቡ። ብዙ ሰው ቁጥር 14 ላይ ያቆምና «ወራቱ ካልደረሰ ዛፏ ምን አጠፋች?» ብሎ ይቸገራል። ወንጌላዊው ግን ታሪኩን ለሁለት ከፍሎታል፤ መጀመሪያ እርግማኑ፣ መሀል ላይ የቤተ መቅደሱ መንጻት፣ በማግስቱ ጠዋት ከሥሯ የደረቀችው በለስ። ቁልፉ ያለው መሀሉ ላይ ነው። በለስ ቅጠሏ ሲለመልም ትንንሽ ፍሬም ይታይባታል፤ ይህቺ ግን ከሩቅ በቅጠሏ ትጠራለች፣ ቀርበው ቅርንጫፏን ሲገልጡ ባዶ ናት። ገበያ የሞላው፣ ጸሎት የራቀው ቤተ መቅደስም እንዲሁ ነበር! ማቴዎስ 21 ወዲያው ደረቀች ስለሚል፣ ማርቆስን ሳትጨርሱ አትቀላቅሏቸው። ቁጥር 25ንም አትዝለሉ፤ ለጸሎት ስትቆሙ ይቅር በሉ የሚለው እዚያ ነው።