የልጁ ደረት ሰርጉዷል፤ ታዲያ ከየት ይጀመር?

ደረቱ የሰረጎደ ሕፃን ጤና ጣቢያ ሲመጣ ነርሷ መጀመሪያ የምታስበው የሳንባ ምች ነው። ልክ ናት። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በሚሠራበት የሕክምና ቻርት ላይ፣ ሲተነፍስ የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ መግባቱ የሳንባ ምች ምልክት ሆኖ ተቀምጧል። ችግሩ ስርጉዱ የአጥንቱ የራሱ ቅርጽ ሲሆን ነው። ያኔ ልጁ ጉንፋን በያዘው ቁጥር አሞክሲሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ተጽፎለት ይመለሳል፤ ደረቱን ግን ማንም ልብ ብሎ አያየውም። ስለዚህ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ያለ ወላጅ፣ ስለ ኦፕራሲዮንና ስለ አዲስ አበባ ከማሰቡ በፊት አንድ ነገር ይለይ፦ ስርጉዱ ከትንፋሹ ጋር ይንቀሳቀሳል ወይስ ባለበት የቆመ ነው?

ለመለየት ልጁ ያላለቀሰበትና ጡት ያልያዘበት ሰዓት ይመረጥ፤ ተኝቶ ቢሆን ይመረጣል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ይገለጥ። በስልክ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠር፤ ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ሕፃን ላይ ያሳስታል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የምች ስርጉድ የሚታየው በጎን አጥንቶቹ ታችኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሆዱ ሲነፋ ጠርዙ ይገባል፣ ሲያስወጣ ይመለሳል፣ ትናንት አልነበረም። ይህ በዚያው ቀን የሚታከም ነው። የአጥንቱ ስርጉድ ግን መሐል ላይ፣ ፍርምባው ላይ ነው፤ በሁለት ትንፋሽ መሐልም አለ። የጨቅላ ደረት ለስላሳ ስለሆነ ሲያለቅስ ይብስበታል፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ሦስተኛም አለ፦ ማታ ማታ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ፣ ቶንሲሉ ያበጠ ልጅ አየሩን በግድ ስለሚስብ ደረቱ ይገባል። የእሱ መፍትሔ ያለው ደረቱ ላይ ሳይሆን ጉሮሮው ላይ ነው።

ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት ሕመም፣ ሳይመረመር አይታለፍ። ይህን ሁሉ ፀሐይ ይዞ ድሬ ላይ ሪኬትስ ከየት መጣ የሚል አለ። ፀሐዩ ደጅ ነው፣ ሕፃኑ ግን ተጠቅልሎ ጓዳ ነው። በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃን ደግሞ ቫይታሚን ዲ አያሠራም። እጃችሁን በደረቱ ግራና ቀኝ ብታሳልፉ የጎን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ይዳሰሳሉ፤ ከጡቱ በታች አግድም የሚሄድ ቦይም ይታያል። የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ እርግብግቢቱ ከ18 ወር በኋላም አልገጠመም፣ መራመድ ሲጀምር እግሩ ይንጋደዳል። ነገሩ ከቅርጽ ያለፈ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል።

የሚታዘዘው የእጅ አንጓ ኤክስሬይ፣ የደም ካልሲየም፣ ፎስፌትና አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው። ሕክምናው ርካሽ ነው፦ ከዓመት በታች በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ከ1 እስከ 12 ዓመት ከ3,000 እስከ 6,000 ዩኒት፣ ቢያንስ ለ3 ወር፣ ከምግብም ሆነ ከመድኃኒት በቀን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ጋር። ካልሲየሙ ሲረሳ ዲው ብቻውን አጥንት አይሠራም። ሌላው ስሕተት ሁለት ሦስት ክሊኒክ ዞሮ በየቦታው ከፍተኛ መጠን ያለውን የቫይታሚን ዲ መርፌ መወጋት ነው፤ ዲ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካልሲየም ይንራል፣ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። መርፌ ከተወጋ ቀኑና መጠኑ በካርዱ ላይ ይጻፍ። በ3 ወር ኤክስሬዩ ካልተሻሻለ የኩላሊት ችግር ወይም ፎስፌት በማነሱ በዘር የሚመጣው የሪኬትስ ዓይነት ይታሰባል እንጂ መጠን አይጨመርም።

ወጌሻ ጋ ስለ መውሰድ አጭር ቃል። ደረት እንደ ወለቀ ትከሻ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ጠፍሮ ማሰር ትንፋሽ ያሳጥራል። ብረት አግሎ መተኮስ ደግሞ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ በሚፈልገው ቆዳ ላይ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል።

ሪኬትስ አይደለም ከተባለ የቀሩት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ ወደ ውስጥ የገባው ጎድጓዳ ደረትና ወደ ውጭ የወጣው የእርግብ ደረት። የሁለቱም ምክንያት ፍርምባውን ከጎን አጥንት ጋር የሚያያይዘው ለስላሳ አጥንት፣ ካርቲሌጅ፣ ያለ ልክ ማደጉ እንደሆነ ይታሰባል። እናት በእርግዝና ስለበላችው ወይም ልጁን ስለያዘችበት ሁኔታ የመጣ አይደለም። ወንዶች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይደጋገማል። ጎድጓዳው ብዙውን ጊዜ ገና በጨቅላነት ይታወቃል፣ የእርግቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁመት በሚመዘዝበት በ11 እና በ12 ዓመት አካባቢ ብቅ ይላል። ሁለቱም የሚብሱት በዚያው ዕድሜ ነው።

ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ልጁ ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው ይተኛ። አንድ ማስመሪያ በደረቱ ላይ አግድም ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ከማስመሪያው እስከ ጉድጓዱ ወለል ቀጥ ብሎ ይውረድ። አየር አስወጥቶ ሲያበቃ ሚሊ ሜትሩ ይነበብና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። በየ3 ወሩ ከጎንና ከፊት፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ ይነሳ። «እየባሰ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ 14፣ 17፣ 21 የሚል ቁጥር ሐኪም ፊት ይሰማል።

ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትደርሱ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ወረቀቱን ሳይዘል ይሂድ፤ ያለ ሪፈር የሄደበትን መድኑ እንደ ደንቡ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንለትም። ኤክስሬይ ሲታዘዝ ከፊት ብቻ እንዳይሆን፤ የጎን ፊልምም እንዲጻፍ ጠይቁ። ጉድጓዱ ጥልቅ የሆነበት ቆዳ ላይ ትንሽ ብረት በፕላስተር ቢለጠፍ የጎኑ ፊልም ላይ ቦታው በግልጽ ይወጣል። ከሁለቱ ፊልሞች ሃለር ኢንዴክስ የሚባለው ይሰላል፦ የደረቱ የውስጥ ስፋት ከፍርምባው እስከ አከርካሪው ባለው ርቀት ይካፈላል። ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 6 ቢሆን 4 ይመጣል። ጤነኛ ደረት 2.5 አካባቢ ነው፤ ከ3.25 በላይ ሲሆን የቀዶ ሕክምና ወሬ ይነሳል። ሲቲ ስካን ይበልጥ ትክክል ነው፣ ግን ጨረሩም ዋጋውም ብዙ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ካልተወሰነ ለትንሽ ልጅ አይቸኮልበት። አከርካሪውም ይታይ፤ መጣመም አብሮ ይመጣል።

የልብ ኢኮ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የሚደረግ የልብ ምርመራ፣ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው። ፍርምባው የቀኙን ልብ ተጭኖት እንደሆነ ያሳያል፤ ማርፋን የሚባለውን የዘር ችግርም ይጠቁማል። ማርፋን ትልቁን ደም ሥር ከልብ መነሻው ላይ ስለሚያሰፋው ከደረቱ ቅርጽ ይልቅ እሱ ነው የሚገድለው። ልጁ ቀጭንና ረጅም ከሆነ እዚያው ተቀምጣችሁ ሞክሩት፦ አውራ ጣቱን ውስጥ አድርጎ ቡጢ ሲጨብጥ የአውራ ጣቱ ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል አልፎ ይወጣል? የአንድ እጁን አንጓ በሌላው እጅ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲከብ ጣቶቹ በጥፍር ያህል ይደራረባሉ? ሁለቱም አዎ ከሆነ፣ በተለይ ዓይኑ ደካማ ከሆነ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነት ድንገት የሞተ ካለ፣ ኢኮው ለነገ አይባልም።

የእርግብ ደረት ያለ ቢላዋ የሚቃና ነው፣ ከተደረሰበት። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፋችሁ መዳፋችሁን ጉብታው ላይ ጫን አድርጉ፤ ዝቅ ካለ ገና ለስላሳ ነው፣ ማሰሪያው ይሠራል። ዕድገቱ ካበቃ በኋላ ይደርቃል። ማሰሪያውን የሚሠራው የድጋፍ መሣሪያ ባለሙያ ኦርቶቲስት ነው፦ ከፊት አንድ ፓድ፣ ከኋላ አንድ ፓድ፣ በጎን አሉሚኒየም፣ መቆለፊያ። የፊቱ ፓድ በጉብታው ጫፍ ላይ ይረፍ፤ ወደ ታች ተንሸራቶ የጎን አጥንት ጠርዝ ላይ ካረፈ ሌላ ጉድጓድ ይፈጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት በጥቂት ሰዓት ተጀምሮ በቀን 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ደረቱ በወራት ይስተካከላል፣ ከዚያ ዕድገቱ እስኪያበቃ ማታ ማታ ይታሰራል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይታይ፤ ሲያድግ ይጠበዋልና።

ድሬ ላይ የማሰሪያ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከሥሩ ስፌት የሌለው የጥጥ ካናቴራ ይለበስ፣ በቀን ሁለቴ ይቀየር። ከፓዱ ሥር ቫዝሊን አይቀባ፤ ቆዳውን ያልሰዋል። ሲፈታ የሚታየው ቅላት በ30 ደቂቃ ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ይላላ፣ ከቆሰለ እስኪድን ይፈታ። ሰዓት ማጉደል ካስፈለገ ቀትሩ ይጉደል፣ ሌሊቱ አይነካ። ብዙው ሕክምና ግን የሚከሽፈው በቆዳ ምክንያት ሳይሆን ማሰሪያው ደብተር ቦርሳ ውስጥ ስለሚውል ነው። የ13 ዓመት ልጅ ራሱ ካልፈለገው እናትየው ብትጨነቅም አይሆንም።

ለጎድጓዳው ቫኩም ቤል የሚባል አለ። ዋግምት ነው ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ሐሳቡ ይቀራረባል፣ ግን ቆዳ አይበጣም፤ ሲሊኮን ደወል ነው፣ በእጅ ፓምፕ አየሩ ይወጣል፣ ፍርምባው ይነሳል። በቀን ሁለቴ በ30 ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 4 ሰዓት ይደርሳል፣ ከዓመት በላይም ይቀጥላል። የተሻለ የሚሠራው ከ11 ዓመት ላልበለጡና ጉድጓዳቸው ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ነው። ደም የማይረጋለት፣ አጥንቱ የሚሰበር ወይም ማርፋን ያለበት ልጅ አይጠቀምም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት ይሞከር።

የጎድጓዳው ደረት ቀዶ ሕክምና ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የተገለጸው ራቪች፣ ደረቱን ከፍቶ የተበላሸውን ካርቲሌጅ ያወጣል። ናስ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ በሁለቱ ብብት ሥር በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የታጠፈ ብረት ከፍርምባው ሥር ያሳልፋል፣ ብረቱ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቆያል። ለናስ የሚመረጠው ዕድሜ ከ12 እስከ 16 አካባቢ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ላይ ቸኩሎ ማሠራት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ቁመት ሲመዘዝ ተመልሶ ሊሰረጉድ ይችላል።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ይሁን ሌላ ቦታ ሪፈር ሲጻፍ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ተደውሎ ይጠየቅ፦ በዓመት ስንት ይሠራል? ብረቱ በልጁ ልክ እጃቸው ላይ አለ ወይስ ቤተሰብ ያስመጣል? ሕመሙ በምን ይታከማል? ብረቱን ማን፣ የት፣ በስንት ያወጣዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ውጭ አገር ለማሠራት ደላላ ሲያነጋግር ደግሞ ጭራሽ ይረሳል። የሰዓት ጀርባ ወይም የቀበቶ ብረት ቆዳውን የሚያሳክከው ልጅ በተለመደው ብረት ውስጥ ያለው ኒኬል ላይስማማው ይችላል፤ ይህ ቀድሞ ከተነገረ ቲታኒየም ይታዘዝለታል። ልጁ ጎረምሳ ከሆነና ጫት ከያዘ ሰመመን ሰጪው ይወቅ፤ ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ያንራል። አፍሮ መደበቅ እዚህ ላይ አደጋ ነው።

ከተሠራ በኋላ ትልቁ ስጋት ብረቱ መንሸራተቱ ነው፣ የሚበዛውም በመጀመሪያው ወር ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጀርባ መተኛት፣ ወገብ አለመጠምዘዝ፣ ቦርሳ አለማንገት። ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ሲዘል፣ ከድሬዳዋ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ጥምዝምዝ መንገድ ሚኒባስ ሲያጋድል የሚንገላታው ያ ደረት ነውና ሐረር የሚገባ ልጅ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አዲስ አበባ ይቆይ። በአውሮፕላን ለመመለስ አየር ደረቱ ውስጥ አለመቅረቱ በኤክስሬይ ይረጋገጥ። ድንገት ቀጭ ብሎ ቢያመው፣ ጉድጓዱ ቢመለስ፣ ቁስሉ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢነሳ በዚያው ቀን ይታይ።

ብረቱ እስካለ ድረስ ከልጁ ኪስ የማይለይ ወረቀት ይኑር፦ ደረቱ ውስጥ ብረት እንዳለ፣ ልቡ ቢቆም ደረት መጫን እንደማይከለከል ነገር ግን ጠንከር ተደርጎ እንደሚጫን፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ከተሰጠ ፓዶቹ ከፊትና ከኋላ እንደሚለጠፉ፣ የተሠራበት ቀንና ብረቱ የሚወጣበት ወር። የኤክስሬይና የሲቲ ፋይሉ ደግሞ በፍላሽ ይቀመጥ።