«ንግሥቷን አጣኋት»

ጥቅምት በገባ ቁጥር የጅማና የአካባቢዋ ንብ አናቢዎች በምንገናኝበት የቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ አዳዲስ ሰዎች ይበዛሉ። ክረምቱ ጋብ ብሎ፣ አደይ አበባው በየማሳው ዳር ወጥቶ፣ ንቡም መውጣት መግባት ሲያበዛ፣ ዓመቱን ሙሉ «አንድ ቀፎ ብሞክርስ?» እያለ የቆየው ሁሉ ይነሣል። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ሁሉም ከጓሮ ቡናቸው ሥር አንድ ሁለት ቀፎ ያስቀምጡና ወደ እኛ ይመጣሉ። ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አምናና ካቻምና የመጣው ነው፤ «ንግሥቷን አጣኋት፤ ሞታ ይሆን?»፣ «ንቦቼ ጥለውኝ ሄዱ፤ ምን በደልኳቸው?»፣ «ማሩ ረጋ፤ ስኳር አለበት ማለት ነው?»።

ዛሬ ማታ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከቡድኑ ነባር አባላት አንዱ የሆነው ጓደኛዬ ያቀረበው ሐሳብ ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ ከመጠየቁ በፊት ቀድሞ የተሰጡ መልሶችን ፈልጎ እንዲያነብ፣ ሳያነብ የጠየቀም መልስ እንዳይሰጠው ደንብ እናውጣ ይላል። እኔ አልተስማማሁም፤ ድካሙ ግን ይገባኛል። ይህ ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ በራሱ ካርድና በራሱ ሰዓት፣ ስለማያውቀው ሰው ቀፎ ተጨንቆ የሚጽፍ ነው። ለሰጠው መልስ ምስጋና እንኳ ሳይጽፍለት ከቡድኑ የሚወጣም ሞልቷል። ስለዚህ የማልስማማው ከመሰልቸቱ ጋር አይደለም፤ ሰው የሚሠራውን ሥራ መሰልቸት መብቱ ነው። የማልስማማው ተደጋገመ የተባለው ጥያቄ በእርግጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው ብሎ በማመኑ ነው።

አስቀድሞ «ፈልገህ አንብብ» የሚለው ትእዛዝ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የቴሌግራም ፍለጋ የሚሠራው በተጻፈው ፊደል ነው። አንዱ በንጉሡ ሠ «ንግሥት» ብሎ የጻፈውን ሌላው በእሳቱ ሰ «ንግስት» ብሎ ቢፈልገው አያገኘውም፤ አባቶች ደግሞ «አውራ» ነው የሚሏት። ከማናና ከጎማ የሚጽፉልን አባላት ንቡን «ካኒሳ»፣ ቀፎውን «ጋጉራ» እያሉ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ ወጣቶቹም አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። ከመልሶቹ ውስጥ ምርጥ ምርጦቹ የድምፅ መልእክት ስለሆኑ ጨርሶ በፍለጋ አይወጡም። ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ አንድ ነገር ይቀራል፤ ጀማሪ የችግሩን ስም አያውቅም፤ ስሙን ያላወቀውን ነገር ደግሞ በምን ቃል ይፈልገዋል?

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ያንኑ የንግሥት ጥያቄ ጠየቀች። አንድ አባል «ይህ እኮ መቶ ጊዜ ተመልሷል» ብሎ ጻፈላትና ጥያቄዋን ወዲያው አጠፋችው። በግል ጻፍኩላትና ቀፎውን ስትከፍት ፎቶ እንድታነሣልኝ ጠየቅኋት። የተለመደው መልሳችን የታወቀ ነው፤ ንግሥቷን አትፈልጊ፣ እንቁላሏን ፈልጊ እንላለን። ፀሐዩን ከኋላሽ አድርገሽ፣ ብርሃኑ በትከሻሽ ላይ አልፎ ንቦቹ ከሰም ከሠሩት እንጀራ ዓይኖች ሥር እንዲደርስ ፍሬሙን፣ እንጀራው የተሠራበትን የእንጨት ማቀፊያ፣ ዘንበል አድርገሽ ያዢው፤ እንቁላሉ በየዓይኑ መሃል እንደ ቁራጭ ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ይታይሻል። እንቁላል በ3 ቀኑ ስለሚፈለፈል፣ እንቁላል ካየሽ ንግሥቷ ቢበዛ ከ3 ቀን በፊት እዚያ ነበረች ማለት ነው፤ በዓይንሽ ባታያትም ግድ የለም። ይህን ሁሉ ጻፍኩላት።

በማግስቱ የመጣው መልስ «እንቁላልማ ሞልቷል መምህር፤ ግን ለምን ሁለት ሁለት ሆነ?» የሚል ነበር።

ፎቶውን አጉልቼ ሳየው በአንዱ ዓይን ሁለት፣ በሌላው ሦስት እንቁላል አለ፤ አብዛኛውም ከሥር ሳይሆን ከግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ንግሥት ሆዷ ረጅም ስለሆነ ከዓይኑ ሥር ደርሳ አንድ አንድ ትጥላለች። ግድግዳው ላይ የሚያስቀምጡት ሆዳቸው የሚያጥረው ሠራተኞቹ ናቸው። ንግሥቲቱ ጠፍታ፣ የሚመገብ እጭም አልቆ ሳምንታት ሲያልፉ፣ ከሠራተኛ ንቦች አንዳንዶቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ከድንጉላ፣ ከወንዱ ንብ፣ ጋር ተገናኝተው ስለማያውቁ ግን በአብዛኛው ከእንቁላላቸው የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ነው። ድንጉላ አበባ አይቀስም፣ እጭ አይመግብ፤ ስለዚህ ነባሮቹ ሠራተኞች በየተራ እያለቁ ሲሄዱ ኅብረ ንቡ ያልቃል። በቡድኑ አናት ላይ ለተሰካው «እንቁላል ካለ ንግሥት አለች» ለሚለው መልስ ብተዋት ኖሮ ተደስታ ቀፎውን ትዘጋው ነበር። መልሱ ስሕተት ኖሮበት አይደለም፤ ለሌላ ሰው ቀፎ የተጻፈ ስለሆነ ነው። ፍሬሞቹን ከአጎቷ ጠንካራ ቀፎዎች አጠገብ አራግፋ ንቦቹ ወደነዚያ እንዲገቡ አደረገች፤ ባዶውን ቀፎ አጽድታ በአበባው ወራት በአዲስ መንጋ ሞላችው።

«ንቦቼ ጥለውኝ ሄዱ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይባስ። የእኛ አገር ንብ ካልተመቸው ቤቱን ትቶ ለመሄድ የማያመነታ ንብ ነው። ከጊቤ ሸለቆ የሚጽፍ ሰው ንቡ የሄደበት በሙቀትና በውኃ እጦት ሊሆን ይችላል፤ ከጌራ ጫካ ዳር የሚጽፈው በገብረ ጉንዳን ተወርሮበት ይሆናል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለው ደግሞ ማሩን አንድ ሳያስቀር ቆርጦ፣ ዝናቡ ንቡን ከቤት በሚያውልበት በሐምሌና በነሐሴ የስኳር ውኃ፣ በሶና ሽሮ ሳይሰጠው ከርሞ ይሆናል። የቃሉ አንድ መሆን ብቻ እየታየ ለጊቤው ሰው በሚያዝያ የተሰጠውን መልስ ለጌራው ሰው በኅዳር ማሳየት ምን ይጠቅመዋል? ቀፎው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደሆነ፣ በአካባቢው በዚህ ሰሞን ምን እንዳበበ ሳይጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ነባርም ቢሆን ገና ጀማሪ ነው።

የመደጋገሙ ጥቅም በደንብ የታየኝ ግን በፍሬሙ ጉዳይ ነው። ለብዙ ጊዜ «ፍሬሞቹ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ተጣበቁ፤ ላወጣ ስል እንጀራው ተቀደደ» የሚል አቤቱታ ይመጣል፤ እኛም «ቶሎ ቶሎ ስለማትከፍቱት ነው» እያልን እንመልሳለን። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናትና ቀፎ ማሠራት የፈለገ ሰው ከሩቅ ማዘዝ አያስፈልገውም፤ ሰፈሩ ካለው አናጺ ዘንድ ይሄዳል። አንድ ቀን ከአባሎቻችን አንዱ፣ በሙያው ቀያሽ የሆነ ሰው፣ ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ እያነጋገረ ቀፏቸውን የት እንዳሠሩ ጠየቃቸው፤ አብዛኞቹ ከአንድ ቤት ነበር። ሜትሩን ይዞ ሄዶ ሲለካ በፍሬሞቹና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል የተተወው ክፍተት ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ተገኘ።

ነገሩ የቆየ ዕውቀት ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1851 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው፣ ንብ ለራሷ መተላለፊያ የምትተወው ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ የጠበበውን በፕሮፖሊስ፣ ከዛፍ በምትሰበስበው ሙጫ፣ ትደፍነዋለች፤ ከዚያ የሰፋውን እንጀራ ትሠራበታለች። የሚነቀል ፍሬም ያለው ዘመናዊ ቀፎ ሁሉ የቆመው በዚህች ክፍተት ላይ ነው። በፍሬም ፈንታ እንጀራው ከዘንግ ላይ በሚንጠለጠልበት በሽግግር ቀፎውም እንዲሁ ነው፤ ለአፍሪካ ንብ የሚመከረው የዘንግ ስፋት 32 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ተለቅ ላለው ለአውሮፓ ንብ የሚሠራው ወደ 35 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ በ3 ሚሊሜትር ልዩነት እንጀራው ከዘንግ ወደ ዘንግ እየተሻገረ ይሠራል። አናጺው ልኬቱን የወሰደው ሰው ካመጣለት አሮጌ ቀፎ ነበርና ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሲነገረው አስተካከለው። ያ ሁሉ ሰው ያን አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ባያሰለቸን ኖሮ የአናጺውን ሜትር ማን ይጠረጥር ነበር? የመጀመሪያው ሰው ሲጠይቅ የጠያቂው ችግር መሰለን፤ ሲበዙ ነው የቀፎው ችግር መሆኑ የታየው። «ከመጠየቅህ በፊት አንብብ» የሚለው ደንብ ያኔ ቢኖር ሁሉም የእኛን የተሳሳተ መልስ አንብበው ዝም ይሉ ነበር።

ይህን ስል ለሁሉም ጥያቄ እኩል ትዕግሥት ይገባዋል ማለቴ አይደለም። ስለ ማር መርጋት የሚቀርበው ጥያቄ ለምሳሌ መልሱ አንድ ነው፤ ማር የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ ስለሚጠጥር ነው፤ መርጋቱ ለመቀላቀሉም ለንጹሕነቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ቢያቆዩት ይቀልጣል። ከጌተም ዛፍ አበባ የሚገኘውን ነጭ ማር የሚያውቅ ሰው የረጋ ማር አያስደነግጠውም። እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ አሳምሮ ጽፎ መሰካት ተገቢ ነው፤ የጓደኛዬ ደንብ በዚህ ላይ ቢወሰን እጄን አውጥቼ እደግፈዋለሁ። «በዓመት ስንት ኪሎ ይሰጠኛል?» የሚለውን ደግሞ እኔም አልወደውም፤ ገና ንብ ሳይገባበት ማሩን በብር የሚያባዛ ሰው ያበሳጫል። ቢሆንም የሚጠይቀው ቀፎ የገዛበት ገንዘብ ከልጆቹ ጉሮሮ የተቀነሰ ስለሆነ ነውና ዝቅ ያለውን ቁጥር ነግሬው አልፋለሁ።

ነባሮቹ ዝም ስንል ጥያቄው ሳይመለስ የሚቀር ከመሰለን ደግሞ ተሳስተናል። የሚያውቀው ሲተኛ የማያውቀው ይመልሳል። በቅርቡ አንድ ልጅ ሌሊት ጉንዳን ቀፎውን እንደወረረበት ጻፈ፤ ቀድሞ የደረሰለት መልስ «የትንኝ መርጫ ንፋበት» የሚል ነበር፤ መላሹም እንደ ጠያቂው ጀማሪ። ትንኝን የሚገድል መርዝ ንብን አይምርም። ደግነቱ የሰቃው አባታችን፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩት ሽማግሌ፣ ነቅተው ኖሮ በድምፅ ገቡበት፤ «ተው ልጄ፣ መርዝ አታስጠጋ! የቀፎህን መቆሚያ እግር በየጣሳው ውኃ ውስጥ አቁመው፤ ዙሪያውን ሣሩን መንጥርና አመድ ነስንስበት፤ ሣሩ ቀፎውን ከነካው ለጉንዳን መንገድ ሠራህለት ማለት ነው» አሉት። እኚህ ሰው ይህንኑ ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገሩት ቡድኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ሲሰለቻቸው ግን አላየሁም። ስለ ደንቡ ስጠይቃቸው ጉዳዩ ብዙም አልገባቸውም። «እኔ አባቴን ማሩ ደርሷል ወይ እያልኩ በየዛፉ ሥር ነው የጠየቅሁት፤ እሱ ራሱ ወጥቶ ካላየ ምን ይለኛል?» አሉኝ።

ለጓደኛዬ ያቀረብኩለት አማራጭ ቀላል ነው። የጀማሪዎችን ጥያቄ መጀመሪያ የሚመልሱት አምና የጀመሩት ይሁኑ፤ እኛ ከኋላ ሆነን ስሕተት ሲኖር እናርም። አምና የጀመረ ሰው ምን እንዳደናገረው ገና አልረሳም፤ እኛ ግን እንቁላልን ማየት ከባድ መሆኑን ከረሳን ቆይተናል፤ «በግልጽ ይታያል» እንላለን፣ ለጀማሪ ግን አይታይም። ያቺ ተማሪ አሁን የንግሥት ጥያቄ ሲመጣ ከሁላችን ቀድማ ትደርሳለች፤ የመጀመሪያ ቃሏም «በአንዱ ዓይን ስንት ስንት ነው ያለው?» የሚል ነው። ከነባሮቹ ማንም ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ጓደኛዬ በግማሽ ልብ ተስማማ። እስከ ቡናው አበባ፣ ማለትም እስከ የካቲት ይሞከር፤ ካልሠራ ደንቡን እንደገና አመጣዋለሁ ብሏል። እስከዚያው እሱ ከመልስ አርፎ የሚሰካውን የማር መርጋት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ፣ ቀያሹ የትክክለኛውን ክፍተት መለኪያ ከእንጨት አሠርቶ ለአናጺዎቹ እንዲያድል ተነጋግረናል። የእኔ ድርሻ የእንቁላሉ ፎቶ ነው፤ የተሰካው አሮጌ ፎቶ በትንሽ ስልክ ሲከፈት ከነጭ ጭጋግ በቀር ምንም አይታይበትም፤ ቅዳሜ ፀሐይ ከወጣ ሁለቱንም፣ የንግሥቷንም የሠራተኞቹንም እንቁላል ጎን ለጎን የሚያሳይ ለማዘጋጀት ከተማሪዋ ዘንድ ያምናውን ፎቶ ዋናውን ቅጂ ጠይቄያለሁ።